የቀረንን እንቁጠር

በ57 ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ምግብ ያበሰሉ ልዕልት ነበሩ። ቦታው ለንደን ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያበስልላቸው፣ እንግዳ የሚያስተናግድላቸው፣ ከፊት ከኋላ ብድግ ቁጭ የሚልላቸው ሰው ሞልቶ ነበር። አሁን ኤምባሲው የለም፤ አጃቢው የለም፤ የባላቸው መንግሥት ራሱ የለም። የቀረው አንድ አፓርታማና የአፓርታማው ኩሽና ነው። ልዕልቲቱ ዶሮ አብስለው ካበቁ በኋላ አጥንቱን አልጣሉትም። አጽድተው ቀለም ይቀቡት ጀመር።

እኛ አገር ዶሮ 12 ብልት ወጥቶላት፣ ተበልታ ካለቀች በኋላ አጥንቱን የሚቆጥር የለም። ለእኚህ ሴት ግን ሥራው የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ወጋችን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ ተወልደው መንገዳቸው የዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ላይ ስለተገናኘ ጥቂት ሰዎች ነው። ሁሉም ብዙ ነገር አጥተዋል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ያጡትን ቆጥረው አልተቀመጡም፣ የቀራቸውን ቆጥረው ተነሡ። ከልዕልቲቱ እንጀምር። (ዓመቶቹን የማነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከቡዩካዳ ደሴት እስከ ለንደን ኤምባሲ

ልዕልት ፋህረልኒሳ ዘይድ የተወለዱት በታኅሣሥ 1901 ነው፤ ኢስታንቡል አጠገብ ባለችው የቡዩካዳ ደሴት። ያኔ እኛ ዘንድ ዳግማዊ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ የዓድዋ ድል ገና ስድስተኛ ዓመቱን አልደፈነም። ልጅቱ የተወለዱበት የኦቶማን መንግሥት ግን ዕድሜው እያለቀ ነበር።

ቤተሰቡ የፓሻ፣ ማለትም የከፍተኛ ሹም ቤት ነው፤ መጽሐፍ፣ ሙዚቃና ሥዕል የሞላበት። ነገር ግን ሀብት ከመከራ አያስጥልም። ፋህረልኒሳ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው በጥይት ተገደሉ፤ በግድያው ተፈርዶበት የታሰረው የገዛ ወንድማቸው ነበር። በ1919 ኢስታንቡል በሚገኘው የሴቶች የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በዓመቱ አገቡ፤ ወለዱም። የመጀመሪያ ልጃቸውን በ1924 በሕመም አጡ። በ1928 ወደ ፓሪስ ሄደው ሥዕል ተማሩ። ትዳሩ ፈረሰና በ1934 ልዑል ዘይድን አገቡ። ልዑል ዘይድ በ1898 የተወለዱ፣ የመካው ሸሪፍ ሁሴን የመጨረሻ ወንድ ልጅ፣ የኢራቁ ንጉሥ ቀዳማዊ ፋይሰልና የዮርዳኖሱ ንጉሥ ቀዳማዊ አብዱላህ ወንድም ናቸው።

ከዚህ በኋላ ኑሯቸው በርሊን፣ ቀጥሎ ባግዳድ ሆነ። ባግዳድ ላይ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያዛቸው። ስሟ ልዕልት የሆነች፣ ምንም ያልጎደላት የምትመስል ሴት ከአልጋዋ መነሣት አቃታት። ይህን የማነሣው ሆን ብዬ ነው። የተሳካላቸው ሰዎች ታሪክ ሲተረክ የጨለማው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ አንባቢውም «እኔ ደካማ ስለሆንኩ ነው እንጂ» እያለ ራሱን ይወቅሳል። እሳቸውም ደክመው ያውቃሉ። ሐኪም አይተዋል፤ አገር ቀይረዋል፤ ብሩሻቸውን ግን ጨርሰው አልጣሉትም።

በ1945 ኢስታንቡል በሚኖሩበት አፓርታማ ውስጥ የሳሎኑን ዕቃ አስወጥተው፣ ግድግዳውን በሥዕሎቻቸው ሞልተው፣ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን ከፈቱ። ዕድሜያቸው 43 ነበር። አዳራሽ እስኪሰጣቸው አልጠበቁም። በማግስቱ ዓመት ባለቤታቸው በለንደን የኢራቅ አምባሳደር ሲሆኑ እሳቸውም በኤምባሲው ውስጥ መሳያ ክፍል አዘጋጁ። የአምባሳደር ሚስት ሆነው እራት ይጋብዛሉ፤ ከዚያ ቀለም ውስጥ ይገባሉ። በ1951 ከሠሯቸው ሥዕሎች አንዱ፣ «ሲኦሌ» የሚል ርእስ ያለው፣ ወርዱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። በ1954 በለንደን የዘመናዊ ሥነ ጥበባት ተቋም ሥራቸውን ለብቻቸው ያሳዩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ሐምሌ 1958

ሐምሌ 14 ቀን 1958 ባግዳድ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። የ23 ዓመቱ ወጣት ንጉሥ ዳግማዊ ፋይሰልና በርካታ ቤተሰባቸው በአንድ ጠዋት ተገደሉ። ልዑል ዘይድ የንጉሡ አያት ወንድም ናቸው። በበጋው ባግዳድ ሊገኙ ይችሉ ነበር፤ ባለቤታቸው ጎትጉተው ወደ ጣሊያኗ የኢስኪያ ደሴት ለዕረፍት ስለወሰዷቸው ተረፉ። ለንደን ሲመለሱ ኤምባሲውን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲለቁ ተነገራቸው።

አስቡት። ዘመድ አልቋል። አገር የለም። ደሞዝ የለም። ቤት የለም። ዕድሜ ወደ 60 እየተጠጋ ነው። አብዛኞቻችን እዚህ ላይ «በቃኝ» ብንል የሚፈርድብን የለም። እሳቸውም አዝነዋል፤ ሐዘኑ ሥዕላቸውን ለጊዜው አቋርጦት ነበር። ነገር ግን እጃቸው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። የኤምባሲው ሰፊ ክፍል ሲቀር የኩሽናው ጠረጴዛ ቀረ፤ የ5 ሜትሩ ሸራ ሲቀር የመዳፍ ያህል አጥንት ቀረ። የዶሮና የቱርክ ዶሮ አጥንቶችን ቀለም ይቀቡ ጀመር። ኋላ ደግሞ አጥንቶቹን ብርሃን በሚያስተላልፍ፣ ሬዚን በተባለ ባለ ቀለም ሙጫ ውስጥ እያስቀመጡ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ቅርጾች ሠሩ። ለእሳቸው ፍጹም አዲስ ሥራ ነበር። ሰፊ ክፍልና ብዙ ገንዘብ በነበራቸው ጊዜ ላይደርሱበት ይችሉ የነበረ ነገር ላይ ያደረሳቸው ማጣት ነው።

በ74 ዓመት አዲስ ትምህርት ቤት

ባለቤታቸው በ1970 ፓሪስ ላይ አረፉ። ፋህረልኒሳ በ1975 ልጃቸው ልዑል ራዕድ ወደሚኖሩበት አማን ሄዱ። ሰዉ የጠበቀው አንዲት አሮጊት ልዕልት ከልጃቸው ጎን አርፈው ሻይ እየጠጡ፣ የድሮውን እያወሱ ቀሪ ዘመናቸውን ይገፋሉ ብሎ ይሆናል። እሳቸው በማግስቱ ዓመት በ1976 በመኖሪያ ቤታቸው ውስጥ በስማቸው የሚጠራ የሥነ ጥበብ ተቋም መሠረቱ። ዕድሜያቸው 74 ነበር።

የተማሪዎቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። መምህርቲቱ ለእነዚያ ሴቶች የሰጡት የብሩሽ አያያዝ ብቻ አልነበረም፤ «እኔም ሠዓሊ ነኝ» ብለው ራሳቸውን እንዲያዩ ድፍረት ሰጧቸው። ሂንድ ናስርና ሱሃ ሾማን ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ናቸው። ሱሃ ሾማን ኋላ አማን ውስጥ በጀበል ሉወይብዴ ኮረብታ ላይ «ዳረት አል-ፉኑን» የተባለውን የሥነ ጥበብ ማዕከል የመሠረቱት ናቸው። ማዕከሉ በ1993 ሲከፈት ቤት ያደረገው በ1920ዎቹ የተሠሩ አሮጌ ቤቶችን ነው፤ በግቢው ውስጥም የጥንት የባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። አፍርሶ አዲስ ፎቅ መሥራት ይቻል ነበር። መሥራቾቹ ግን የቀረውን አድሰው ሠሩበት።

ፋህረልኒሳ በመስከረም 1991 በ89 ዓመታቸው አማን ላይ አረፉ። በ2017 የለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም ሥራቸውን በትልቅ ዐውደ ርእይ አሳየ። ኤምባሲውን በአንድ ቀን እንዲለቁ የተነገራቸው ለንደን ስማቸውን በሙዚየሟ በር ላይ ጻፈች።

«እሷማ ልዕልት ናት!»

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ልዕልት ብትቸገርም ልዕልት ናት፤ እኔ ምን አለኝ?» ይለኝ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ጥያቄው ይገባል። እንግዲያው ከታች የተነሣ ሰው ልጥራ።

አብዱልሐሚድ ሾማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኢየሩሳሌም አጠገብ ቤት ሐኒና በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። በ1911 ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። መነሻቸው ጨርቃ ጨርቅ ተሸክሞ ቤት ለቤት እየዞሩ መሸጥ ነበር፤ ውሎ አድሮ በኒውዮርክ የልብስ ንግድ ድርጅት ባለቤት ሆኑ። በ1929 ወደ አገራቸው ተመለሱና በ1930 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ15 ሺህ የፍልስጥኤም ፓውንድ ካፒታል አረብ ባንክን አቋቋሙ። ዕድሜያቸው 40 አካባቢ ነበር። በባንክ ቤት ሠርተው አያውቁም፤ ዲግሪም አልነበራቸውም።

ከዚያ 1948 መጣ። ጦርነቱ ፍልስጥኤማውያንን ከቤታቸው አፈናቀለ። ባንኩም ከቅርንጫፎቹ አንዳንዶቹን አጣ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ አማን አዛወረ። ተፈናቃዮቹ በየደረሱበት አገር የባንክ ደብተራቸውን ይዘው «ገንዘባችንን» አሉ። ገንዘቡ የተቀመጠበት ቅርንጫፍ ራሱ በጦርነቱ ተወስዶ ሳለ ባንኩ «አልከፍልም» ቢል ምክንያት አያጣም ነበር። ግን ለሁሉም ከፈለ።

ሾማን በዚያ ቀን የቀራቸውን በደንብ ቆጥረዋል። የተወሰዱት ሕንጻዎች አልቀሩላቸውም፤ ቃል ግን ቀርቷቸዋል። ቃላቸውን ካጠፉ ምንም እንደማይቀራቸው ገባቸው። ያ ክፍያ ለባንኩ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ስም ገዛለት፤ ዛሬም ዋና መሥሪያ ቤቱ አማን ነው። በ1978 በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት በ1986 ለከተማው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል። ድንጋይ ሲጠርብ ያደገ ሰው ስሙ የመጻሕፍት ቤት መጠሪያ ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሱሃ ሾማን ያገቡት የእኚህን ሰው ልጅ ኻሊድ ሾማንን ነው። ልዕልቲቱ ለተማሪያቸው የተዉት ጥበብና ድንጋይ ጠራቢው ለልጃቸው የተዉት ሀብት አንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተው ዳረት አል-ፉኑንን ወለዱ። ከቀረን ነገር የምንሠራው ሥራ እኛ ጋ አያበቃም ማለት ነው።

ከተማዋም እንዲሁ ናት

አማን ራሷ ከቀረ ነገር የተሠራች ከተማ ናት። በሮማውያን ዘመን ፊላዴልፊያ ትባል ነበር። ኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ባዶ ነበረች ማለት ይቻላል። በ1878 ከካውካሰስ ተራሮች በሩሲያ ጦር የተባረሩ ሰርካሲያን ስደተኞች ደረሱባት። ቤት አልነበራቸውም፤ በመጀመሪያ ከተጠለሉባቸው ቦታዎች አንዱ ያኔ ከተሠራ 1,700 ዓመት ገደማ የሆነው የሮማውያን ቲያትር ነው። ሌሎች ድንጋይ ብቻ በሚያዩበት ቦታ እነሱ ግድግዳ አዩ፤ ምንጭ አዩ፤ የሚታረስ መሬት አዩ።

ከእነዚያ ስደተኞች ማኅበረሰብ ሰዒድ አል-ሙፍቲ በ1898 አማን ውስጥ ተወለዱ። በተወለዱ ጊዜ አማን መንደር ነበረች። በ1909 የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አገኘች፤ በ1921 ኤሚር አብዱላህ፣ ኋላ ንጉሥ የሆኑት የልዑል ዘይድ ወንድም፣ ከመጡ በኋላ ዋና ከተማ ለመሆን በቃች። የስደተኞቹ ልጅ ከከተማቸው ጋር አብረው አድገው በ1950ዎቹ ለሦስት ጊዜ የዮርዳኖስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዛሬ ታላቋ አማን ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባታል።

ዮርዳኖስን ተሻግረን

የእኛንም ሰው ልጥራ። ከአማን ተነሥቶ የዮርዳኖስን ወንዝ ለተሻገረ ኢየሩሳሌም ሩቅ አይደለችም። እዚያ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኗቸውን ይዘው ኖረዋል። እማሆይ ከልዕልቲቱ አንድ ትውልድ ያህል ዘግይተው በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። ውጭ አገር ሄደው ሙዚቃ ሊማሩ የነበረው ዕድል ሲታጠፍባቸው ከዓለም ተለይተው መነኮሱ። ዕድሉ ቀረ እንጂ ጣቶቻቸው አልቀሩም። በ1984፣ ወደ 60 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ኢየሩሳሌም ገቡ። በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛው ቅጽ ሥራቸው ታትሞ በዓለም ሲሰማ 82 ዓመታቸው ነበር። በ2023 በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ የዓለም ሰው ሲያዳምጣቸው ኖሩ።

ፋህረልኒሳ በ74 አስተማሪ፣ እማሆይ በ82 ዝነኛ። እና 35 ዓመት ሞልቷት «ጊዜዬ አለፈ» የምትለኝን እህቴን ምን ልበላት?

እንዴት እንቁጠር?

አበው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይላሉ። የብዙዎቻችን ችግር ይኸው ነው። ዓይናችን ያመለጠን ላይ ስለተተከለ ያለንን እንጥለዋለን። ከእነዚህ ሰዎች ሕይወት ሦስት ነገሮችን ልውሰድና ለእናንተ ላቀብል።

አንደኛ፣ የቀራችሁን በወረቀት ጻፉ። በሐሳብ ብቻ አይሆንም። ሐዘን ሐሳብን ያሳንሳል፤ ወረቀት ግን አያሳንስም። በእጄ ምን መሥራት እችላለሁ? ምን ቋንቋ አውቃለሁ? ማን ያምነኛል? የት ቦታ አለኝ? በቀን ስንት ሰዓት የራሴ ነው? ሾማን በ1948 «ማን ያምነኛል» የሚለውን ጥያቄ ባይጠይቁ ኖሮ ባንኩ እዚያው ባከተመ ነበር።

ሁለተኛ፣ ሥራውን አሳንሱት እንጂ አትተዉት። የ5 ሜትር ሸራ ሲጠፋ አጥንት ይበቃል። ሱቅ ለመከራየት አቅም የሌለው በአንድ ምድጃ ይጀምር። መጽሐፍ መጻፍ የከበደው በቀን አንድ ገጽ ይጻፍ። «ሁኔታዎች ሲመቻቹ» የሚባለው ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ የለም።

ሦስተኛ፣ የምታውቁትን ለአንድ ሰው አስተምሩ። ሥራን ከባለሙያው ዕድሜ በላይ የሚያኖረው ማስተማር ነው። የአማኗ ልዕልት ጥበባቸውን ለራሳቸው ይዘው ቢቀመጡ ኖሮ በሉወይብዴ ኮረብታ ላይ ያለው ማዕከል ምናልባት ባልኖረ።

አማን ላላችሁ እህቶቼ

ዛሬ አማን ውስጥ በየቤቱ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት አሉ። ይህን ጽሑፍ ዓርብ ዕለት፣ ዕረፍት ያገኘች አንዲት እህት በስልኳ ታነበው ይሆናል። ለእሷ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ደሞዟ የተያዘባት፣ ፓስፖርቷ የተወሰደባት ወይም እጅ የተነሣባት ሴት የሚያስፈልጋት የማበረታቻ ቃል አይደለም፤ ሕግ ነው። ዮርዳኖስ ከ2008 ጀምሮ የቤት ሠራተኞችን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጓ ውስጥ አካታለች። መብትን መጠየቅ ድፍረት እንጂ ምስጋና ቢስነት አይደለም። በትዕግሥት ስም በደል እንድትሸከሙ የሚመክራችሁን አትስሙ።

ከዚያ ውጭ ግን የያዛችሁትን አትናቁ። አረብኛው ቀርቷችኋል፤ ያውም መጽሐፍ ሳይዙ፣ ኑሮ ያስተማረው አረብኛ። መንሰፍና መቅሉባ የተባሉትን የአገሩን ምግቦች መሥራት ታውቃላችሁ። ሕፃን ማሳደግ፣ አረጋዊ መጦር፣ የሰው ቤት በጀት አብቃቅቶ መያዝ ታውቃላችሁ። እነዚህ «የቤት ሥራ ብቻ» ተብለው የሚታለፉ ነገሮች በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ገበያ የሚፈልጋቸው ሙያዎች ናቸው። አስተርጓሚ፣ የሆቴል ምግብ ባለሙያ፣ የሕፃናት ማቆያ ባለቤት የሚሆነው እነዚህን የሚያውቅ ሰው ነው። ለቤተሰብ የላካችሁት ገንዘብ ሊያልቅ ይችላል፤ እናንተ ውስጥ የተጠራቀመው ግን ማንም የማያወጣው ተቀማጭ ነው። ስትመለሱ ከዚያ ጀምሩ።

አገር ቤት ላለነውም ምክሩ ያው ነው። ጡረታ የወጣ መምህር ጠመኔው ቢቀርበትም ዕውቀቱ አለው። ከሥራ የተቀነሰ ሒሳብ ሠራተኛ ቢሮው ቢቀርበትም ሙያው አለው። ትዳሯ የፈረሰባት እናት ልጆቿም ጉልበቷም አሏት። ያጣነውን ማልቀስ ተፈጥሯዊ ነው፤ ማልቀስ ይፈቀዳል። ዕድሜ ልክ እዚያ መቀመጥ ግን አይፈቀድም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪቢቶ ያዙ። የጠፋውን ሳይሆን የቀረውን ጻፉ። ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ምረጡና ነገ ጠዋት ጀምሩት። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ፤ ዘግይቻለሁ ብላችሁም አትፈሩ። የቀራችሁ ነገር ለመጀመር ይበቃችኋል። ጀምሩ!